አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ

የአቶ ይድነቃቸው ተሰማ ስም በተነሣ ቁጥር በቅድሚያ የሚታወሰው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንትነታቸው ነው። አሠልጣኝነታቸው ግን በሹመታቸው ተሸፍኖ ተገቢውን ግምት ሳያገኝ ቀርቷል። አሠልጣኝ የሚገነነው ከክለብ ወደ ክለብ ሲዘዋወር፣ በየደረሰበትም ዋንጫ ሲቆጠርለት በመሆኑ፣ እንዲህ ያለ የዝውውር ታሪክ የሌላቸው ሰው መዘንጋታቸው እምብዛም አያስገርምም።

የተወለዱት መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በጅማ ነው። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በአፄ ምኒልክ ዘመን ጀርመን አገር ተልከው የአውቶሞቢል ሙያ የተማሩ፣ እዚያም ዜማቸውን በሸክላ ያስቀረጹ ሰው ነበሩ። (የእርሳቸውም ሙያ እንዲሁ በባለቅኔነታቸው ተሸፍኗል።) ቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ በ1928 ዓ.ም. ሲመሠረት የ14 ዓመት ልጅ የነበሩት ይድነቃቸው ለ23 ዓመታት ያህል የተጫወቱት ለዚሁ ክለብ ነው። ከሜዳ ውጭም የጨዋታውን ሕግጋት ወደ አማርኛ መልሰዋል፤ ፌዴሬሽኑን ከመሠረቱት አንዱ ሆነዋል፤ በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ የአፍሪካው ኮንፌዴሬሽን ሲቋቋምም ኢትዮጵያን ወክለው ተገኝተዋል።

የአሠልጣኝነታቸው ዋና ፈተና የመጣው በ1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ ነው። ኢትዮጵያ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ውድድሮች በግብፅ 4 ለ 0፣ እንደገናም 4 ለ 0 ተሸንፋ ነበር። የተሰጣቸው ቡድን ከአሥመራ፣ ከድሬዳዋና ከአዲስ አበባ ክለቦች የተውጣጣ፣ የአጨዋወት ልማዱም እንደየከተማው የተለያየ ነበር። በግማሽ ፍጻሜው ቱኒዚያ 2 ለ 0 ከመራች በኋላ 4 ለ 2 ተሸነፈች። ጥር 13 ቀን በተደረገው ፍጻሜ ግብፅ ቀድማ አገባች፤ በ74ኛው ደቂቃ ግርማ ተክሌ አቻ ቢያደርግም አንድ ደቂቃ ሳይቆይ ግብፅ እንደገና መራች። እንዲህ ያለው ቅጽበት ያልተገራን ቡድን ይበትናል። ይህ ቡድን ግን አልተበተነም፤ ሉቺያኖ ቫሳሎ በ84ኛው ደቂቃ አቻ አደረገ፤ በጭማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አከሉበትና ጨዋታው 4 ለ 2 ተፈጸመ።

ድሉን ለአዲስ አበባ ከፍታና ለተመልካቹ ጩኸት ብቻ መስጠት የሚቻል አይመስልም። ከፍታ የባላጋራን ትንፋሽ ያሳጥር ይሆናል እንጂ ከሦስት ከተሞች የመጡ ሰዎችን አያዋሕድም።

አቶ ይድነቃቸው ከዚያ በኋላ ያደረጉት ዝውውር ወደ ሌላ ክለብ ሳይሆን ወደ አስተዳደር ነበር። ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ ኮንፌዴሬሽኑን ለ15 ዓመታት መሩ፤ የአፓርታይዷ ደቡብ አፍሪካ በ1968 ዓ.ም. ከፊፋ እስክትባረር፣ አፍሪካም በ1974ቱ የዓለም ዋንጫ ሁለት ቦታ እስክታገኝ ድረስ ተሟገቱ። ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. በዚሁ ሥልጣን ላይ እንዳሉ ዐረፉ። በእርሳቸው አሠልጣኝነት የተገኘው ዋንጫ ግን ከ1954 ዓ.ም. ወዲህ ወደ ኢትዮጵያ አልተመለሰም።