አባ ሉካ ፓቾሊ፦ ሒሳብን በኢየሱስ ስም ያስጀመሩ መነኩሴ

በመርሐቤቴ ዓለም ከተማ የሒሳብ መዝገብ አያያዝ ትምህርት የጀመረ አንድ ወጣት ባንድ ወቅት ጥያቄ አቅርቦልኝ ነበር። ዴቢት ማለት ዕዳ እንደ ሆነ ተምሯል፤ ነገር ግን ገንዘብ ወደ ሣጥን ሲገባ በዴቢት ይጻፋል መባሉ አልገባውም። ገንዘብ የተቀበለ እንዴት ባለዕዳ ይባላል? መልሱን የምናገኘው ከአምስት መቶ ዓመት በፊት በኖሩ በአንድ ፍራንቸስካዊ መነኩሴ ሥራ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አባ ሉካ ፓቾሊ በ1447 ገደማ በኢጣልያ፥ ትርጓሜዋ ቅዱስ መቃብር በሆነው በሳንሴፖልክሮ ከተማ ተወለዱ። በወጣትነታቸው ወደ ቬኒስ ሄደው አንቶንዮ ሮምፒያሲ በተባለ ነጋዴ ቤት የሦስት ወንዶች ልጆቹ አስተማሪ ሆኑ። የነጋዴዎችን መዝገብ በቅርብ ያዩት በዚያ ነው። በ1470 ለእነዚሁ ልጆች የሒሳብ መጽሐፍ ጻፉላቸው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ቅዱስ ፍራንቸስኮስ ማኅበር ገብተው የድህነትን መሐላ ፈጸሙ፤ ከ1477 ጀምሮም በፔሩጃና በሌሎች ከተሞች ሒሳብ አስተማሩ።

በ1494 በቬኒስ ከስድስት መቶ ገጽ በላይ ያለው ታላቅ መጽሐፋቸው ታተመ። በላቲን ሳይሆን ነጋዴው በሚናገረው ቋንቋ የተጻፈ ነው። በውስጡ 36 ምዕራፎች ያሉት ክፍል ስለ መዝገብ አያያዝ ብቻ ያስተምራል። አንዳንዶች የዚህ ጥበብ ፈጣሪ ያደርጓቸዋል፤ ይህ ስሕተት ነው። በጄኖቫ ከተማ በ1340 በሁለት ወገን የተጻፈ መዝገብ ዛሬም አለ፤ ቤኔዴቶ ኮትሩሊም በ1458 ስለዚሁ ጽፎ ነበር፥ ጽሑፉ ግን እስከ 1573 ድረስ አልታተመም። አባ ሉካም የቬኒስን ልማድ እንደሚከተሉ ራሳቸው ገልጸዋል።

ትምህርታቸው ከቆጠራ ይጀምራል። ነጋዴው ያለውን ሀብትና ያለበትን ዕዳ ሁሉ፥ ታናሹን ሳይንቅ፥ ይዘረዝራል። ቀጥሎ ሦስት መዝገቦች ይይዛል፤ በማስታወሻው በየዕለቱ የሆነውን ሁሉ፥ በጆርናሉ ያንኑ በሥርዓት፥ በሌጀሩ ደግሞ በየሒሳቡ ለይቶ ይጽፋል። መዝገቡ በኢየሱስ ስምና በመስቀል ምልክት ይጀመራል።

የዓለም ከተማ ነጋዴ 5,000 ብር የሚያወጣ ጤፍ ገዝቶ 3,000 ብር በእጁ ከፈለ እንበል፤ 2,000 ብር በዱቤ ቀረበት። በግራ ወይም በዴቢት ወገን ጤፍ 5,000 ይጻፋል። በቀኝ ወይም በክሬዲት ወገን ጥሬ ገንዘብ 3,000፥ የሻጩ ገበሬ ሒሳብ ደግሞ 2,000 ይጻፋል። ግራውና ቀኙ እኩል ካልሆነ አንድ ነገር ተረስቷል። እኩል መሆኑ ግን ሁሉ ትክክል ለመሆኑ ማስረጃ አይደለም፤ ጀማሪ ተማሪ ይህን ልብ ይበል።

የወጣቱም ጥያቄ እዚህ ይፈታል። የጥንቱ መዝገብ እያንዳንዱን ሒሳብ እንደ ሰው ይቈጥረዋል። የተቀበለው ሊሰጥ ይገባዋል፥ የሰጠው ሊቀበል ይገባዋል። ስለዚህ ገንዘብ የገባበት ሣጥን ለባለቤቱ ባለዕዳ ነው። የዴቢት ሥርወ ቃል በላቲኑ አቡነ ዘበሰማያት ውስጥ ዕዳ በሚለው ስፍራ ይገኛል፤ ክሬዲትም ማመን ከሚለው ግስ የመጣ በመሆኑ የጸሎተ ሃይማኖት መጀመሪያ የሆነው የክሬዶ ዘመድ ነው።

አባ ሉካ ለገዢ አንድ፥ ለሻጭ ሌላ መዝገብ የሚያሳዩትን ነጋዴዎች ነቅፈዋል። የተሳሳተ ጽሑፍም ተፍቆ አይጠፋም፤ በተቃራኒው ወገን እንደገና ተጽፎ ይታረማል እንጂ። ይህን ስናነብ የቁምስናዎቻችንን ሣጥን አለማሰብ አይቻልም። በየምክር ቤቶቻችን ጠብ የሚነሣው ገንዘብ በመጥፋቱ ብቻ አይደለም፤ ገንዘቡ ሳይጠፋ ሒሳቡ በአንድ ሰው ልብ ብቻ በመኖሩም ነው። ያ ሰው ንጹሕ ቢሆን እንኳ ንጽሕናውን የሚያሳይበት ወረቀት የለውም።

አባ ሉካ በ1497 ወደ ሚላኖ ተጠርተው ከሌዎናርዶ ዳ ቪንቺ ጋር ተወዳጁ። በ1509 ለታተመው የመለኮታዊ ምጣኔ መጽሐፋቸው ሥዕሎቹን የነደፈላቸው እርሱ ነው። ከዚህ ክብር ጋር ነቀፋም አልቀረላቸውም። በ1550 ጆርጆ ቫሳሪ የተባለ ጸሐፊ የሀገራቸውን ሰው የሠዓሊው የፒዬሮ ዴላ ፍራንቼስካን ሥራ ወስደዋል ብሎ ከሰሳቸው፤ ክሱም በከፊል እውነትነት አለው፥ የፒዬሮ ጽሑፍ በመጽሐፋቸው ውስጥ ይገኛልና። የሌላውን ድርሻ በትክክል መመዝገብን ያስተማሩ ሰው በዚህ መታማታቸው ያሳዝናል።

በገዳማቸውም ሰላም አልነበረም። በ1510 የሳንሴፖልክሮ ገዳም አስተዳዳሪ ሲሆኑ አንዳንድ ወንድሞች በተሰጣቸው ልዩ መብት ቅር ተሰኝተው ከሰሷቸው። የድህነት መሐላ የፈጸሙ ሲሆኑ፥ በር.ሊ.ጳ. ዩልዮስ 2ኛ ፈቃድ ንብረት ይይዙ ነበርና። በ1508ና በ1511 ኑዛዜያቸውን በጽሑፍ አኖሩ፤ በሰኔ 1517ም በተወለዱባት ከተማ ዐረፉ።