የአንጥረኛው ልጅና ቀዩዋ የስፖርት መኪና፦ የሶይቺሮ ሆንዳ ሕይወት

እ.ኤ.አ. በሰኔ 1962 የሆንዳ ኩባንያ ወኪሎች ገና ተሠርቶ ባላለቀው የሱዙካ የውድድር ሜዳ ተሰብስበው ነበር። በፊታቸው ያለፈችው ጣሪያ አልባ፣ እጅግ አነስተኛ የስፖርት መኪና ነበረች። መሪውን የጨበጡት ደግሞ ተቀጣሪ ሾፌር ሳይሆኑ የኩባንያው ፕሬዚዳንት፣ የ55 ዓመቱ ሶይቺሮ ሆንዳ ራሳቸው ነበሩ። ኩባንያቸው እስከዚያች ቀን ድረስ አንድም መኪና ለገበያ አቅርቦ አያውቅም፤ ሥራው ሞተር ብስክሌት ነበር።

የችኮላው ምክንያት ከወደ መንግሥት የመጣ ነው። የጃፓን የንግድና ኢንዱስትሪ ሚኒስቴር የአገሪቱን መኪና አምራቾች በጥቂት ቡድኖች አሰባስቦ አዲስ ገቢዎችን የሚገድብ የሕግ ረቂቅ እያዘጋጀ ነበር። ሕጉ ከመጽደቁ በፊት መኪና ሠርቶ ያላሳየ ድርጅት በሩ ሊዘጋበት ይችላል። ሆንዳ ከባለሥልጣናቱ ጋር በግልጽ ተሟገቱ፤ ሙግቱ ብቻ እንደማይበቃ ስለተረዱም መሐንዲሶቻቸውን ቀን ከሌት አሠሩ።

ሰውየው ከችግር ጋር የተዋወቁት በልጅነታቸው ነው። እ.ኤ.አ. ኅዳር 17 ቀን 1906 በሺዙኦካ ግዛት በምትገኝ መንደር ሲወለዱ አባታቸው አንጥረኛና ብስክሌት ጠጋኝ፣ እናታቸው ሸማኔ ነበሩ። በ1922 ወደ ቶኪዮ አቅንተው በአንድ ጋራዥ ተለማማጅ ሆኑ። በ1924 የአውሮፕላን ሞተር በተገጠመላት የውድድር መኪና ላይ ከሾፌሩ ጎን በመካኒክነት ተቀምጠው አሸናፊ ሆኑ። በ1936 ግን ራሳቸው ሲወዳደሩ ከባድ ግጭት ደርሶባቸው ከታናሽ ወንድማቸው ጋር ቆሰሉ።

ከዚያ በኋላ የፒስተን ቀለበት ማምረት ጀመሩ። ለቶዮታ ካቀረቧቸው 50 ቀለበቶች ፈተናውን ያለፉት 3 ብቻ ነበሩ። የብረትን ጠባይ ለማወቅ ቀድሞውኑ በቴክኒክ ትምህርት ቤት ገብተው ይከታተሉ ነበር፤ ፈተና ስላልተቀመጡ ዲፕሎማ አላገኙም፤ የፈለጉት ግን ዕውቀቱን ነበርና አገኙት። ጦርነቱና የ1945ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ፋብሪካቸውን ሲያወድሙ የቀረውን ለቶዮታ ሸጡ። በ1948 ሆንዳ ሞተርን መሠረቱ፤ በማግስቱ ዓመት ሽያጭና ገንዘቡን በብልሃት የያዙት ታኬኦ ፉጂሳዋ ተቀላቀሏቸው።

ኤስ 500 የተሰኘችው የስፖርት መኪና በጥቅምት 1963 ለገበያ ቀረበች። ከዚያ በፊት ሕዝቡ ዋጋዋን እንዲገምት በጋዜጣ ውድድር ወጥቶ ከ5.7 ሚሊዮን በላይ ምላሽ መጣ። ዋጋው 459,000 የን ነበር። ቀይ ቀለሟም ሌላ ሙግት አስነሥቷል። በዘመኑ በጃፓን ቀይ ለእሳት አደጋ መኪናዎች የተተወ ቀለም በመሆኑ ፈቃዱ የተገኘው ከብዙ ምልልስ በኋላ ነው።

መኪናዋን የነዳ ሰው ከማን እጅ እንደወጣች ወዲያው ይገባዋል። ሞተሯ 531 ሲሲ ብቻ ሲሆን አራት ካርቡሬተር አለው፤ 44 የፈረስ ጉልበት የሚያወጣውም በደቂቃ 8,000 ዙር ሲሽከረከር ነው። ቀዩ መስመር 9,500 ላይ ይጀምራል፤ በዚያ ዘመን ለመኪና ሳይሆን ለሞተር ብስክሌት የሚስማማ ቁጥር ነው። ስለዚህ ዝግ ብሎ መንዳት አይሆንላትም፤ ሾፌሩ ማርሽ ቶሎ ቶሎ እየቀያየረ ሞተሩን ከፍ ባለ ድምፅ ማቆየት አለበት። ኃይሉ ወደ ኋላ ጎማዎች የሚደርሰው ዘይት በተሞሉ ሁለት ሣጥኖች ውስጥ በሚዞሩ ሰንሰለቶች ነው። ሣጥኖቹ የጎማ መያዣ ክንድም በመሆናቸው መኪናዋ ስትነሣ ጭራዋ ወደ ላይ ከፍ ይላል፤ ለለመደ ደስ የሚል፣ ላልለመደ የሚያስደነግጥ ጠባይ ነው። ሰንሰለቱ ክትትል ይሻል፤ ኩባንያውም በ1966 በወጣችው ኤስ 800 ምርት መካከል በተለመደው ዘንግ ተክቶታል። የተመረቱት ኤስ 500ዎች 1,400 እንኳ ስለማይሞሉ ዛሬ ያለው ባለቤት መለዋወጫ ፍለጋ ብዙ ይደክማል።

የተፈራው ሕግ በ1964 ሳይጸድቅ ቀረ። በዚያው ዓመት ሆንዳ ወደ ፎርሙላ 1 ገባ፤ በጥቅምት 1965 በሜክሲኮ ለመጀመሪያ ጊዜ አሸነፈ።

የሰውየው ግትርነት ግን ሁልጊዜ አልበጀም። ሞተር በአየር እንጂ በውኃ መቀዝቀዝ የለበትም የሚል እምነት ነበራቸው። በሐምሌ 1968 በፈረንሳይ ሩዋን፣ በአየር የምትቀዘቅዘዋን የኩባንያውን የውድድር መኪና የያዘው ጆ ሽሌሰር ተጋጭቶ በእሳት ሞተ። ወጣት መሐንዲሶች ስለ ውኃ ማቀዝቀዣ ሲከራከሩ ቆዩ፤ በመጨረሻም ፉጂሳዋ ፕሬዚዳንት ወይስ መሐንዲስ መሆን እንደሚመርጡ ጠየቋቸው። ሆንዳ ፕሬዚዳንትነትን መረጡ፤ ውኃውም ተፈቀደ። በሕይወታቸው ከወሰኗቸው ውሳኔዎች ከባዱ ይህ ሳይሆን አይቀርም።

በ1973 ከፉጂሳዋ ጋር አብረው ሥራ ለቀቁ። ከዚያም በየአገሩ የተበተኑትን ሠራተኞች እየዞሩ ጨበጡ፤ ዘይት የነካው እጁን ለመዘርጋት ያፈረውንም ሠራተኛ እጅ ሳይለቁ ያዙ። ነሐሴ 5 ቀን 1991 አረፉ። የመኪና ሰሪ ቀብር መንገድ መዝጋት እንደሌለበት አስቀድመው በመናገራቸው ኩባንያው ትልቅ የቀብር ሥነ ሥርዓት አላደረገም።