ቅዱስ ሙሴ ጸሊም፦ ቃሉን በራሱ ላይ ያነበበ አባት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ቤተ ክርስቲያናችን ሰኔ 24 ቀን የምታስበው ቅዱስ ሙሴ ጸሊም በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረ አባት ነው። የጥንት ጸሐፍት በትውልዱ ኢትዮጵያዊ መሆኑን ይመሰክራሉ፤ ጸሊም የተባለውም ስለ መልኩ ጥቁረት ነው። በግብጽ የአንድ ሹም ባሪያ ሳለ ጌታው ከክፋቱ የተነሣ አባረረው፤ እርሱም ወደ በረሃ ወጥቶ የወንበዴዎች አለቃ ሆነ።

አንድ ሌሊት ለዘረፋ ሲሄድ የአንድ እረኛ ውሾች አሰናከሉትና ቂም ያዘ። እረኛው ከዓባይ ማዶ መሆኑን በሰማ ጊዜ፣ ወንዙ ሞልቶ ሳለ፣ ልብሱን በራሱ ላይ ጠምጥሞ፣ ሰይፉን በጥርሱ ነክሶ፣ ዋኝቶ ተሻገረ። እረኛው ግን በአሸዋ ውስጥ ተሸሽጎ ስለ ነበር አላገኘውም። ሙሴም አራት የተመረጡ አውራ በጎችን አርዶ፣ በገመድ አስሮ እየጎተተ መልሶ ዋኘ። ሥጋውን በላ፤ ቆዳውን በወይን ጠጅ ለወጠ።

ይህ ሰው ዘግይቶ ልቡ በጸጸት ተነካ፤ ወደ ገዳመ አስቄጥስም ገብቶ መነኰሰ። ብዙዎቻችን ንስሐ የገባ ሰው በማግሥቱ ከፈተና የሚያርፍ ይመስለናል። በሙሴ የሆነው ግን ሌላ ነው። የቀድሞው ልማዱ፣ ይልቁንም የዝሙት ፈቃድ፣ እጅግ ስለ ጸናበት ምንኵስናውን ሊተው ምንም አልቀረውም ነበር። አባ ኤስድሮስ ፈቃደ ሥጋን በሥጋ ሻጭ ደጅ በለመደ ውሻ መስሎ አጽናናው፤ ውሻው አጥንት መልቀም ስለ ለመደ በየቀኑ ይመጣል፤ ደጁ ተዘግቶ የሚሰጠው ሲያጣ ግን ተስፋ ቆርጦ ይቀራል።

ሙሴም ደጁን ለመዝጋት የማይሞክረው አልነበረም። ስድስት ዓመት ሌሊቱን ቆሞ በጸሎት ያድር ነበር፤ ፈተናው ግን አልተወውም። ከዚያም በሌሊት ወደ አረጋውያኑ በዓቶች እየሄደ፣ እነርሱ ሳያውቁ፣ ማድጋቸውን ከሩቅ ውኃ ቀድቶ ይሞላላቸው ጀመር። በጎችን በወንዝ የጎተተው ያ ጉልበት አሁን ለደካሞች ውኃ ይሸከም ነበር። ጠላት ዲያብሎስም በዚህ ቀንቶ አንድ ሌሊት በጕድጓዱ አጠገብ ወገቡን መታው፤ በማግሥቱም ወድቆ ተገኘ፤ እስከ ዓመት ድረስ ታመመ። ከዚህ በኋላ አባ ኤስድሮስ ከአጋንንት ጋር መፎካከሩን ትቶ በእምነት ወደ ቅዱስ ቍርባን እንዲቀርብ፣ ነጻ የወጣውም በክርስቶስ ጸጋ መሆኑን እንዲያውቅ ነገረው። ምክንያቱም ድሉን በገዛ ተጋድሎው ያገኘው መስሎት እንዳይመካ ነው።

ሙሴ ከሊቃውንት መምህራን ዘንድ ለዓመታት ትርጓሜ የተማረ ሰው አልነበረም። ያነበበውንና የሰማውን ቃል ግን አስቀድሞ በራሱ ላይ ያነብበው ነበር። ጌታችን በወንድም ዓይን ስላለው ጉድፍና በገዛ ዓይን ስላለው ምሰሶ ያስተማረውን እንዴት እንደ ተረዳው እንመልከት። አንድ ወንድም በድሎ መነኮሳቱ ሊፈርዱበት ሲሰበሰቡ ሙሴ ቀረ። ደጋግመው ሲልኩበት የሚያፈስ ዕቃ ውኃ ሞልቶ ተሸክሞ መጣ። ምን ማለቱ እንደ ሆነ ሲጠይቁት፣ የእርሱ ኃጢአት ከኋላው እየፈሰሰ ሳያየው በሌላው ሊፈርድ መምጣቱን ገለጠላቸው። እነርሱም ያንን ወንድም ምንም ሳይናገሩት ይቅር አሉት።

በሌላ ጊዜ በገዳሙ የሳምንት ጾም ታውጆ ሳለ ከሩቅ እንግዶች መጡበት። ጥቂት ነገር አበሰለላቸው። ጎረቤቶቹ ጢሱን አይተው ለካህናቱ ከሰሱት። ካህናቱ ግን የሙሴን ተጋድሎ ያውቁ ነበርና በቅዳሜ ጉባኤ በሁሉ ፊት የእግዚአብሔርን ትእዛዝ ለመጠበቅ ሲል የሰውን ትእዛዝ እንደ ተወ መሰከሩለት። ይህ የጾምን ሥርዓት ለማቃለል የሚጠቀስ ታሪክ አይደለም፤ ሙሴ ስለ ራሱ ሆድ ያበሰለ ሰው አልነበረምና።

አራት ወንበዴዎች ማንነቱን ሳያውቁ በዓቱን ሊዘርፉ በገቡ ጊዜም አስሮ እንደ ገለባ ጆንያ በጀርባው ተሸከማቸውና ወደ ቤተ ክርስቲያን ወሰዳቸው፤ ማንንም መጉዳት ስለማይገባው ምን ሊያደርጋቸው እንደሚሻል አባቶችን ጠየቀ። እነርሱም ያ ስመ ጥር ሙሴ መሆኑን ሲያውቁ እግዚአብሔርን አክብረው መነኮሱ።

ኋላም ቅስና ተቀበለ። ልብሰ ተክህኖ ለብሶ ነጭ ሆነሃል በተባለ ጊዜ ልቡን የመረመረው ውስጡ እንደ ውጭው መንጻቱን በመጠራጠር ነበር። ሊፈትኑት ከመቅደስ ባባረሩትም ጊዜ ራሱን እየወቀሰ በዝምታ ወጣ።

በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አረማውያን ዘራፊዎች ወደ አስቄጥስ መምጣታቸው ተሰማ። ሙሴ ወንድሞቹ እንዲሸሹ ነገራቸው፤ እርሱ ግን አልሸሸም። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 26 ቍጥር 52 ሰይፍ ስለሚያነሡ ሰዎች የተነገረውን የጌታን ቃል ለዘመናት ለራሱ እንደ ተነገረ አድርጎ ይጠብቀው ነበር። ሰይፉን በጥርሱ ነክሶ ዓባይን የተሻገረው ሰው፣ ያ ቃል በእርሱ እንዲፈጸም ባዶ እጁን ተቀመጠ። አብረውት ሊሞቱ የወደዱትንም አላስገደዳቸውም፤ እያንዳንዱ ለራሱ እንዲወስን ተወው።

ሰባት መነኮሳት ከእርሱ ጋር ነበሩ። ዘራፊዎቹ ገብተው ገደሏቸው። በገመድ ክምር ኋላ የተሸሸገው አንዱ ወንድም አክሊላት ከሰማይ ሲወርዱ አየ። የቅዱስ ሙሴ ዐፅም ዛሬ በግብጽ በበርሞስ ገዳም ይገኛል።

በረከቱ ይደርብን፤ አሜን።
ወስብሐት ለእግዚአብሔር።