ኳስን በቃል ያሳየን ደምሴ ዳምጤ

በዚህ የኢዮቤልዩ በዓላችን ነፍሱን ይማርና ጋዜጠኛ ደምሴ ዳምጤን ላስታውሳችሁ።

ደምሴ በኢትዮጵያ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የስፖርት ጋዜጠኛ ሆኖ ለረጅም ዓመታት አገልግሏል። ስሙ የገነነው ግን ጨዋታን በቀጥታ በማስተላለፍ ነው። በሞያሌ በኢትዮጵያ በኩል ተማሪ ሳለን የሬዲዮናችንን ባትሪ የምንቆጥበው ለእርሱ ነበር።

ሁሉም የሚያነሣለት ታኅሣሥ 1980 ዓ.ም. ነው። በሴካፋ ዋንጫ ፍጻሜ ኢትዮጵያና ዚምባብዌ በአዲስ አበባ ስታዲየም ተገናኙ። በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ ከወሰድን ወዲህ ሕዝቡ ዋንጫ ናፍቆት ነበር። ጨዋታው 1 ለ 1 አለቀ፤ በፍጹም ቅጣት ምት 5 ለ 4 አሸነፍን። ሴካፋን ስናነሣ ያ የመጀመሪያችን ነበር። ስታዲየሙን በዓይናችን አይተን የማናውቅ የጠረፍ ልጆች፣ በደምሴ አንደበት እዚያው ሜዳ ገብተን ጨፈርን።

ዛሬ ሱቄ የሚመጡ ልጆቻችን የስፖርት ጋዜጠኛ እንሆናለን ይላሉ። በ2017 ዓ.ም. ያረፈውን ኬንያዊ ሊዮናርድ ማምቦ ምቦቴላን ያውቁታል፤ በስዋሂሊ ጨዋታ ሲያስተላልፍ ጎበዝ ነበር። ደምሴን ግን አያውቁም። ልጆቼ፣ ስዋሂሊውንም እንግሊዝኛውንም ተማሩ። ነገር ግን ማይክራፎን የያዘ ሰው የሚናገረው ሜዳውን ለማያይ ወገን ነውና፣ ያ ወገን የሚሰማውን አማርኛ አትጣሉ። ደምሴን ደምሴ ያደረገው እርሱ ነው።