ዳግማዊ ምኒልክና የአድራሻ ነፃነት

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚጓዝ መንገደኛ የሐይቅን ውሃ አልፎ ወደ አምባሰል ሲዘልቅ ውጫሌን ያገኛል። በዚሁ አካባቢ፣ ይስማ ንጉሥ በተባለው ስፍራ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በኢጣልያ መካከል ባለ 20 አንቀጽ ውል ተፈረመ። ውሉም አንድ አገር ለዓለም በማን ስምና በማን በኩል ይናገራል የሚል ከባድ ጥያቄ አስነሣ። ጥያቄውን በሥራ የመለሱት ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ናቸው።

ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. ከሸዋው ንጉሥ ኃይለ መለኮት ተወለዱ። በ1848 ዓ.ም. አባታቸው ሲሞቱ በአፄ ቴዎድሮስ እጅ ወደቁ። ቴዎድሮስ ልጃቸውን ድረውላቸው በክብር ቢያኖሯቸውም፣ በሰው ደጅ መኖር ምን እንደሆነ በልጅነታቸው ቀመሱት። በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው የአባታቸውን አልጋ ያዙ።

አፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ሲወድቁ፣ ምኒልክ ከኢጣልያው መልእክተኛ ከፒየትሮ አንቶኔሊ ጋር የውጫሌን ውል ተዋዋሉ። የውሉ 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው ንባብ ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ላላቸው ጉዳይ በኢጣልያ አማካይነት ሊጠቀሙ እንዲችሉ ፈቀደ፤ በኢጣልያንኛው ንባብ ግን ይህንኑ ግዴታ አደረገው።

ዛሬ የሁለት መሥሪያ ቤቶችን የኮምፒዩተር መረብ የሚያገናኝ ባለሙያ የነገሩን ባሕርይ ከሥራው ያውቀዋል። ከውስጥ የሚወጣው መልእክት በመውጫው በር ላይ የራሱን አድራሻ ትቶ የበሩን አድራሻ ይይዛል። በሩም ላኪውን በመዝገቡ ይዞ፣ መልሱ ሲመጣ ለባለቤቱ ያደርሳል። በውጭ ያለው ተቀባይ የሚያየው በሩን ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ሥርዐት በባለቤቱ ፈቃድ ሲዘረጋ ይጠቅማል፤ በሩን ሌላ ሰው ሲያዝበት ግን የቤቱ ባለቤት በዓለም ፊት ስም አይኖረውም።

የምኒልክም ዕጣ ይህ ሊሆን ተቃርቦ ነበር። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዘውድ ከጫኑ በኋላ መንገሣቸውን ለአውሮፓ ነገሥታት በቀጥታ ጻፉ። ከእንግሊዝና ከጀርመን የመጣው መልስ ግን ጉዳያቸው በኢጣልያ በኩል መቅረብ እንደሚገባው የሚያመለክት ሆነ። የሁለቱ ንባቦች ልዩነት የታወቀው በዚህ ጊዜ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ልዩነቱን ለኢጣልያ ንጉሥ አስታወቁ፤ እቴጌ ጣይቱም በድርድሩ ጸንተው ቆሙ። በ1883 ዓ.ም. ምኒልክ የአገራቸውን ወሰን የሚገልጽ ደብዳቤ ያለ ማንም አማካይነት ለኃያላኑ ላኩ። በ1885 ዓ.ም. ውሉን አፈረሱ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ የተገኘው ድል ነገሩን ቈረጠው፤ በጥቅምት 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተፈረመው ውል የውጫሌን ውል ሽሮ የኢትዮጵያን ፍጹም ነፃነት አወቀ።

ከዚያም ወዲያ ምኒልክ የመልእክቱን መንገድ በራሳቸው እጅ ማበጀታቸውን ቀጠሉ። ገና ከድሉ በፊት፣ በ1886 ዓ.ም.፣ የፖስታ ሥራ እንዲጀመር ፈቅደው ነበር፤ የስልክና የቴሌግራፍ መስመርም በዘመናቸው ተዘረጋ። በ1901 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በራሷ ስም የዓለም የፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። በአምባሰል ላይ በአንድ ቃል ትርጕም የተነሣው ክርክር በእርሳቸው ዕድሜ እልባት አግኝቶ፣ ለአገራቸው የተጻፈ ደብዳቤ በሌላ መንግሥት ደጅ ሳያልፍ ለባለቤቱ የሚደርስበትን ዘመን አይተው አለፉ።