የክላውድ ሻነን የሕይወት ታሪክ በአጭሩ

በመካነ ሰላም የምንኖር ሁሉ የወሎ ቦረናን ከጎጃም የሚለየውን ዓባይን እናውቃለን። ይኸው ወንዝ ቍልቍል ወርዶ፥ በ2025 በተመረቀው በታላቁ የኢትዮጵያ ህዳሴ ግድብ የኤሌክትሪክ ኃይል ይሰጣል። እንዲህ ባለ ጣቢያ አንድ የሙቀት መለኪያ በየሴኮንዱ አንድ ቍጥር ቢመዘግብ፥ በቀን 86,400 ቍጥር ይከማቻል፤ መለኪያው አንድ ሺህ ቢሆን ከ86 ሚሊዮን በላይ ይሆናል። ይህን ሁሉ በጥቂት ቦታ ለማስቀመጥ ለሚያስችለው ዕውቀት መሠረት የጣለው ሊቅ ክላውድ ሻነን ስለ ሆነ፥ ታሪኩን በአጭሩ እናቀርባለን። ዘመኑን የምንቈጥረው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ሻነን በ1916 በአሜሪካ በሚሺጋን ግዛት ተወለደ፤ ጌይሎርድ በምትባል ትንሽ ከተማም አደገ። እናቱ በዚያች ከተማ የቋንቋ መምህርትና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዲሬክተር ነበረች። ልጅ ሳለ የአጥር ሽቦ መስመር አድርጎ ከጓደኛው ቤት ጋር በቴሌግራፍ ይነጋገር ነበር። በ1936 ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ በኤሌክትሪክ ምሕንድስናና በሒሳብ ተመረቀ፤ በ1940ም ከማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበለ።

በቤል የምርምር ድርጅት ሲሠራ በ1948 ያሳተመው ጽሑፍ ስሙን በዓለም አስጠራ። ትምህርቱም ይህ ነው፤ አስቀድሞ የሚታወቅ ነገር ሲደገም የሚነግረን ጥቂት ነው፤ ያልተጠበቀው ግን ብዙ ይነግረናል። ለምሳሌ በበጋ ሠላሳ ቀን ባይዘንብ፥ ዜሮን ሠላሳ ጊዜ ከመጻፍ ይልቅ፥ ከዚህ ቀን እስከዚያ ቀን አልዘነበም ብሎ በአንድ መስመር መጻፍ ይበቃል፤ የሚጐድልም ነገር የለም። የመለኪያው መዝገብም እንዲሁ ነው፤ ሙቀቱ ሳይለወጥ የቆየበት ጊዜ በአጭሩ ይጻፋል፤ የተለወጠበት ቅጽበት ግን ይጠበቃል። ይሁን እንጂ ማሳጠር ወሰን አለው፤ ከዚያ ካለፈ ዋናውን እንደ ነበረ መልሶ ማግኘት እንደማይቻል ሻነን በሒሳብ አስረዳ። ስለዚህ ቦታ ለመቈጠብ ሲል ድንገተኛውን የሙቀት ለውጥ የሚሰርዝ ሰው፥ ሞተሩ በተሰበረ ጊዜ ምክንያቱን የሚነግረውን ምስክር በገዛ እጁ አጠፋ ማለት ነው።

ሻነን ከ1956 ጀምሮ በዚያው በተማረበት ተቋም ፕሮፌሰር ሆኖ አስተማረ። ባለ አንድ ጎማ ብስክሌት መንዳትና ኳሶችን እየወረወሩ መቅለብ ይወድ ነበር። በመጨረሻ ዘመኑ አልዛይመር በሚባል በሽታ የማስታወስ ኃይሉ ደከመ፤ በ2001ም በ84 ዓመቱ ዐረፈ። ዓለም ብዙ ነገር በጥቂት ቦታ መዝግቦ እንዲያኖር ያስቻለ ሰው የራሱ ትዝታ ከእርሱ መሸሹ ያሳዝናል።

እንግዲህ እኛ ተማሪዎች ከዚህ ሊቅ የምንማረው፥ አሳጥሮ መጻፍ ዕውቀት የሚሆነው የሚጣለውንና የማይጣለውን ለይተን ስናውቅ መሆኑን ነው።