በዓሉ ግርማ

በዓሉ ግርማ ኢትዮጵያዊ ደራሲና ጋዜጠኛ ነበር። በይበልጥ የሚታወቀው «ኦሮማይ» በተሰኘው የፍቅር፣ የስለላና የጦርነት ልብ ወለዱ ነው። በዚሁ መጽሐፍ ምክንያት ከሥራው ተባረረ፤ የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ አልተመለሰም።

ልደትና ትምህርት

በዓሉ በ1930ዎቹ መጀመሪያ በኢሉባቦር ጠቅላይ ግዛት ሱጴ በተባለ ስፍራ ተወለደ። አካባቢው ከቴፒና ከሚዛን ተፈሪ በስተሰሜን የሚገኝ፣ ቡና በደን ጥላ ሥር የሚበቅልበት የደቡብ ምዕራብ ምድር ነው። አባቱ ሕንዳዊ ነጋዴ፣ እናቱ ኢትዮጵያዊት ነበሩ። በልጅነቱ አዲስ አበባ መጥቶ በልዕልት ዘነበ ወርቅ፣ ቀጥሎም በጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ተማረ። በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን ከጨረሰ በኋላ በአሜሪካ ሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪውን አግኝቷል።

የጋዜጠኝነት ሥራ

ከአሜሪካ ሲመለስ በ«አዲስ ሪፖርተር» መጽሔት፣ በ«ኢትዮጵያን ሄራልድ» እና በ«አዲስ ዘመን» ጋዜጦች በአዘጋጅነት ሠራ። በደርግ ዘመን የማስታወቂያ ሚኒስቴር ቋሚ ተጠሪ እስከ መሆን ደርሷል።

ድርሰቶች

የመጀመሪያ ልብ ወለዱ «ከአድማስ ባሻገር» በ1962 ዓ.ም. ታተመ። ዋና ገጸ ባሕርዩ አበራ ወርቁ በመንግሥት ሥራውና በሠዓሊነት ምኞቱ መካከል የሚዋልል ሰው ነው። በ1966 ዓ.ም. የወጣው «የህሊና ደወል» ወደ ደራሲው የትውልድ አገር ይመለሳል፤ ሐዲስ የተባለ ወጣት መምህር በኢሉባቦር ትምህርት ቤት ለማሠራት የሚያደርገውን ትግል ይተርካል። በዓሉ ይህን ታሪክ እንደገና ጽፎ «ሐዲስ» በሚል ርዕስ አሳትሞታል። «የቀይ ኮከብ ጥሪ» እና «ደራሲው»ም የእርሱ ሥራዎች ናቸው።

ኦሮማይ

በ1974 ዓ.ም. ደርግ በኤርትራ የቀይ ኮከብ ዘመቻን ሲያካሂድ በዓሉ በሥራው ምክንያት አስመራ ነበር። እዚያ ያየውን መሠረት አድርጎ የጻፈው «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ታተመ። ርዕሱ አስመራ ውስጥ ከሚነገረው የጣልያንኛ ቃል የመጣ ሲሆን አበቃ፣ አከተመ እንደ ማለት ነው። ጋዜጠኛው ፀጋዬ ኃይለማርያም አዲስ አበባ እጮኛውን ሮማንን ትቶ ይዘምታል፤ አስመራ ላይ ግን ከፊያሜታ ጋር በፍቅር ይወድቃል። ፍቅራቸው ከስለላው መረብና ከናቅፋው ውጊያ ጋር ይተሳሰራል።

ልብ ወለዱ ዘመቻው ያሰበውን ሳያሳካ መቅረቱን ከማሳየቱም በላይ፣ አንባቢዎች ከገጸ ባሕርያቱ ጀርባ እውነተኛ ባለሥልጣናትን ለዩ። የመንግሥት ማተሚያ ያወጣውን መጽሐፍ መንግሥት ራሱ ከገበያ ሰበሰበው። የተሸጡት ቅጂዎች ግን በድብቅ ከእጅ ወደ እጅ መዘዋወራቸውን ቀጠሉ።

መጥፋቱ

በዓሉ በጠፋ ጊዜ ቮልስዋገን መኪናው አዲስ አበባ ዳር ቃሊቲ አካባቢ ቆማ ተገኘች፤ አስከሬኑ ግን እስካሁን አልተገኘም። በደርግ የጸጥታ ሰዎች እንደ ተገደለ በሰፊው ይታመናል። ከደርግ መውደቅ በኋላ «ኦሮማይ» እንደገና በይፋ ለንባብ በቅቷል፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የእንግሊዝኛ ትርጉሙ ወጥቷል።